ከሻይ ቤት ሒሳብ የተወለደው ትምህርት

«ሲስተም የለም» ሲባል ሰምታ የማታውቅ እህት በመካከላችን ያለች አይመስለኝም። የባንክ ደብተሯን ይዛ ግማሽ ቀን የተሰለፈች፣ የመብራት ልትከፍል ሄዳ «ነገ ተመለሺ» የተባለች ሁሉ ታውቀዋለች። ከመለመዱ የተነሣ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተር ወይም ኔትወርክ ብቻ እየመሰለን መጥቷል። ነገር ግን የማኅበራችን የቁጠባ ሌጀር፣ የዋስ መፈረሚያ ቅጹ፣ ገንዘብ ያዥዋ ከቆጠረች በኋላ ተቆጣጣሪዋ ደግማ የምትቆጥርበት ልማድ፣ ይህ ሁሉ ሲስተም ነው። መብራት ቢጠፋም አለ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ዘንድሮ ለትምህርት ድጋፍ ካመለከቱት የአባላት ልጆች ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መማር የፈለጉት የቢዝነስ ሲስተም አናሊስስ ነው። ከእናቶች አንዷ «ይህ ደግሞ ሒሳብ ነው ወይስ ኮምፒዩተር? ሥራስ ያስገኛል?» ብላ ጠየቀች። የምንከፍለው ከሁላችንም መዋጮ ስለሆነ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ደጋፊዎቻችን ለቁጠባና ብድር ሒሳባችን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሊገዙልን ቃል ገብተዋል። እኔም በአካውንቲንግ ዲፕሎማዬ ላይ ይህንኑ ትምህርት በማታው ክፍለ ጊዜ ልጨምርበት ስለማስብ፣ ከየት እንደመጣ ሳነብ ከረምሁ። ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅሁት የተለየ ነው። ትምህርቱ የተወለደው በሻይ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኋቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። ጄ. ላየንስ የሚባል ድርጅት በ1894 በለንደን ፒካዲሊ ጎዳና ላይ የመጀመሪያውን ሻይ ቤት ከፈተ። ሻይ፣ ዳቦ፣ ኬክ ይሸጣል። ቆይቶም ሻይ ቤቶቹ ከመቶ በላይ ሆኑ። ዋናው መጋገሪያና ቢሮው ካድቢ ሆል በሚባል በምዕራብ ለንደን ባለ ግቢ ውስጥ ነበር። በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የዚህ ዓይነት ንግድ ራስ ምታት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከአንድ ስኒ ሻይ የሚገኘው ትርፍ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ደረሰኙ ግን ለአንድ ስኒም ለመቶ ስኒም ያው አንድ ደረሰኝ ነው። ሽያጩ በበዛ ቁጥር ወረቀቱ ይበዛል፤ ወረቀቱን የሚደምር ሰው ደመወዝ ደግሞ ትርፉን ይበላዋል። በላየንስ ቢሮዎች በየረድፉ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ የሚደምሩ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ወጣት ሴቶች ናቸው።

በ1923 ጆን ሲሞንስ የሚባል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የተማረ ወጣት ተቀጠረ። ይህ ሰው ጎበዝ ልጆች ዕድሜያቸውን ቁጥር በመደመር ሲጨርሱ ማየት የሚያበሳጨው ሰው ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱ ውስጥ «የሲስተም ጥናት ቢሮ» የሚባል ክፍል ተቋቋመ። የቢሮው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እየዞሩ «ይህን ቅጽ ማን ይሞላዋል? ከዚያ ለማን ይሰጣል? ያ ሰው ምን ያደርግበታል?» እያሉ መጠየቅ። ለምሳሌ የአንድ ሻጭ ሒሳብ በብዙ ሰዎች እጅ ተቆራርጦ ከሚያልፍ ይልቅ ለአንዲት ጸሐፊ እንዲሰጥና ደረሰኙንም ዱቤውንም ቅናሹንም እሷው እንድትከታተል አደረጉ። እዚህ ውስጥ ምንም ማሽን የለም። ሲስተም አናሊስስ የሚባለው ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ አለ። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ ጥያቄው ከኮምፒዩተሩ በብዙ ዓመት ይቀድማል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 ድርጅቱ ስታንዲንግፎርድና ቶምሰን የተባሉ ሁለት ኃላፊዎችን የአሜሪካን የቢሮ አሠራር እንዲያዩ ላከ። በቢሮ ዕቃ ረገድ ያዩት ነገር ብዙም አላስደነቃቸውም። በፕሪንስተን ያገኙት ኸርማን ጎልድስታይን የተባለ ሊቅ ግን በጦርነቱ ጊዜ ለመድፍ ስሌት ስለተሠራው ኤሌክትሮኒክ ማሽን ነገራቸው፤ በራሳቸው አገር በካምብሪጅም ሞሪስ ዊልክስ የሚባል ሰው ተመሳሳይ ማሽን እየሠራ መሆኑን ጠቆማቸው። ጎረቤት ያለውን ባሕር ተሻግሮ መስማት እኛም ዘንድ የተለመደ ነው። ላየንስ ለዊልክስ ገንዘብና አንድ የራሱን ሠራተኛ ሰጥቶ ረዳ። የካምብሪጁ ማሽን በግንቦት 1949 መሥራት ሲጀምር የሻይ ቤቱ ድርጅት የራሱን ለመሥራት ወሰነ። ዳቦ ጋጋሪ ድርጅት ኮምፒዩተር ሊሠራ ተነሣ ማለት ነው።

ማሽኑን የሠራው ጆን ፒንከርተን የተባለ መሐንዲስ ሲሆን ስሙን «ሊዮ» አሉት፤ «የላየንስ ኤሌክትሮኒክ ቢሮ» ለማለት የእንግሊዝኛውን የመጀመሪያ ፊደላት ወስደው ነው። ብዙ ሺህ አምፖል መሳይ ቫልቮች ያሉት፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ የሚሞላ፣ ማስታወሻውን በሜርኩሪ በተሞሉ ቱቦዎች የሚይዝ ነበር። የማስታወሻው መጠን ዛሬ በስልካችን የምናነሳትን አንዲት ፎቶግራፍ አይዝም። በኅዳር 1951 መጨረሻ ላይ ይህ ማሽን የመጋገሪያ ቤቱን የሳምንት ምርት ዋጋ የማውጣት ሥራ በቋሚነት ጀመረ። ስንት ዳቦና ኬክ ተጋገረ፣ ምን ያህል ወጪ ሆነበት፣ ለየትኛው ክፍል በስንት ዋጋ ወጣ የሚለውን። እኛ የኮስት ሒሳብ የምንለው ነው። በዓለም ላይ በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው መደበኛ የቢሮ ሥራ ይኸው እንደሆነ ይነገራል።

ከዚያ ፔይሮል መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፔይሮል የሠራች ሁሉ የምታውቀው ጣጣ ስላለው ነው። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ገንዘብ 12 ፔንስ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነበር። በዚያ ላይ የሥራ ግብር፣ የመድን መዋጮ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ሕመም፣ መቅረት አለ። አንዲት ልምድ ያላት ጸሐፊ የአንድ ሠራተኛን ደመወዝ ለማስላት 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅባት ነበር፤ ሊዮ በአንድ ሰከንድ ተኩል ይጨርሰው ጀመር። ይህ ቁጥር በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። የሚረሳው ግን ማሽኑ በሰከንድ ተኩል እንዲሠራው ሰዎች ወራት ሙሉ መጠየቅ የነበረባቸው መሆኑ ነው። በሳምንቱ መካከል ሥራ የለቀቀ ሰው እንዴት ይከፈለዋል? ተቀናሹ ከደመወዙ ቢበልጥስ? ልምድ ያላት ጸሐፊ እነዚህን በራሷ አእምሮ ትፈታቸዋለች፤ ማሽን ግን ያልተነገረውን አያውቅም።

ይህን የመጠየቅ ሥራ የመራው ዴቪድ ካሚነር ነው። ካሚነር ከጦርነቱ በፊት በላየንስ ቢሮ ይሠራ ነበር፤ በቱኒዚያ ውጊያ አንድ እግሩን አጥቶ ወደዚያው ቢሮ ተመለሰ። መሐንዲስ አልነበረም። የቢሮ ሰው ነው። የሥራውን ጉዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሥዕል ያስነድፍ፣ ከማሽኑ በፊት እያንዳንዱን እርምጃ በእርሳስ ይመረምር፣ «ባይሆንስ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር። ዛሬ የዓለም የመጀመሪያው የቢዝነስ ሲስተም አናሊስት እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው።

ከሠራቸው ሥራዎች እኔን በጣም የሚደንቀኝ የ1954ቱ የሻይ ቤቶች ማዘዣ ነው። የእያንዳንዱ ሻይ ቤት ኃላፊ ሴት ናት፤ ለነገ የምትፈልገውን ዕቃ ሁሉ በየቀኑ በቅጽ ትሞላ ነበር። ዳቦ ይህን ያህል፣ ኬክ ይህን ያህል እያለች ረጅም ዝርዝር። አናሊስቶቹ ቅጾቹን ሲያዩ የማክሰኞ ትእዛዝ ካለፈው ማክሰኞ ብዙም እንደማይለይ ተገነዘቡ። እንግዲያው ለእያንዳንዱ የሳምንት ቀን ቋሚ ትእዛዝ ይመዝገብና ኃላፊዋ ለውጥ ያለበትን ብቻ ትናገር አሉ። ከሰዓት በኋላ በተመደበላት ሰዓት ስልክ ይደረጋል፤ በካድቢ ሆል ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ያደረገች ሠራተኛ የተነገራትን ለውጥ እየሰማች ካርድ ላይ ትበሳለች፤ ሊዮ ከቋሚው ትእዛዝ ጋር ደምሮ ለማሸጊያና ለማከፋፈያ የሚሆነውን ዝርዝር ያትማል። ሌሊት ይጫናል፤ ጠዋት ሻይ ቤቱ ደጃፍ ነው። ብልሃቱ የተገኘው ማሽኑ ፈጣን በመሆኑ አይደለም። አንድ ሰው የኃላፊዋን ቅጽ ቁጭ ብሎ ስላነበበ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴቶቹ የት ነበሩ? ደማሪዎች፣ ካርድ በሺዎች፣ ስልክ ተቀባዮች ነበሩ ብዬ ባቆም ታሪኩ ይጎድላል። ሜሪ ኩምዝ የምትባል ወጣት አለች። በዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፈረንሳይኛና ታሪክ ነበር፤ በላየንስ ቢሮ ሥራ ላይ ሳለች በ1952 ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የሰጠውን የኮምፒዩተር መመዘኛ ኮርስ ወስዳ አለፈች። የንግድ ኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጻፍ ሥራ የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀው እሷ ናት። በፔይሮሉ ላይ ሠርታለች፤ የሌሎችን ፕሮግራም ስሕተት በማጥራትም የታወቀች ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ከባድ የጤና ችግር ያለባት ሆነች። ሜሪ ቤት ሆና፣ በግማሽ ቀን ሥራ፣ ያገኘችውን እያረመች ለዓመታት ቆየች፤ ወደ ሙሉ ጊዜው ሥራ ግን ሳትመለስ ቀረችና በኋላ የሕፃናት መምህርት ሆነች። በ2022 አረፈች። ከዚህ ታሪክ ውስጥ የትኛው ክፍል ለእኛ አዲስ ነው? ልጅ ታቅፋ ከሥራ የወጣች ባለሙያ በዚህ ማኅበር ውስጥ እጅ አውጪ ብንል ስንቱ እጅ ይነሣል!

በዚያው አገር በ1962 ስቴፋኒ ሸርሊ የተባለች ሌላ ፕሮግራመር ይህንኑ ችግር ሥራ አደረገችው። በ6 ፓውንድ መነሻ ቤታቸው ተቀምጠው ልጅ እያሳደጉ ፕሮግራም የሚጽፉ ሴቶችን የሚያሠራ ድርጅት መሠረተች። ደብዳቤዎቿ መልስ አላገኝ ሲሉ «ስቲቭ» በሚል የወንድ ስም መፈረም ጀመረች። ድርጅቱ አድጎ ትልቅ ኩባንያ ሆነ። ስለ እሷ ሌላ ጊዜ አንዷ አባል ለብቻው ብትጽፍ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው። በሜሪ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚሆን የትምህርት ክፍል አልነበረም፤ ሰው የሚማረው እዚያው ሥራው ላይ ነው። ከሊዮ ሰዎች አንዱ ፍራንክ ላንድ ነው። በ1939 ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ በልጅነቱ እንግሊዝ የገባ፣ ኢኮኖሚክስ የተማረ፣ በ1952 በላየንስ በጸሐፊነት ተቀጥሮ ወደ ኮምፒዩተሩ የተዛወረ ሰው ነው። በ1967 የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ሲስተም አናሊስስን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እንዲያስተምርና እንዲመራመር አመጣው። በኋላም የዚሁ ትምህርት ፕሮፌሰር ሆነ። ልብ በሉ፣ ትምህርቱ የተተከለው በኢኮኖሚክስና በማኅበራዊ ሳይንስ ተቋም ውስጥ ነው እንጂ በምሕንድስና ትምህርት ቤት አይደለም። በአሜሪካም የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመረው በቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። «ሒሳብ ነው ወይስ ኮምፒዩተር?» ላለችው እህቴ የምሰጣት መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። ከሒሳብ ቤት የወጣ፣ ኮምፒዩተርን መሣሪያው ያደረገ፣ በመካከሉ ሰውን የማዳመጥ ሙያ የሆነ ትምህርት ነው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ የራሱን ዕቃዎች አበጀ። ፒተር ቼን በ1976 መረጃዎች እርስ በርስ የሚገናኙበትን የሥዕል ዘዴ አወጣ፤ ቶም ዴማርኮ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ መረጃ በድርጅት ውስጥ የሚፈስበትን መንገድ በክብና በቀስት መሳልን አስፋፋ። ልጆቻችን ዛሬም እነዚህን ይማራሉ። ደረሰኝ ከካሸሪ ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ወደ ፋይል ሲሄድ የምናውቅ ሰዎች ሥዕሎቹን ስናይ አይከብዱንም፤ ስማቸው ነው የሚያስፈራው።

ነገር ግን ትምህርቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አንድ ነገር አጥቷል ብዬ አምናለሁ። በላየንስ ጊዜ አናሊስቱ ከሥራው ውስጥ የወጣ ሰው ነበር። ዲግሪ መጠየቅ ሲጀመር ሥራውን የምታውቀው ከጠረጴዛው ማዶ ቀረች፤ ጠያቂው ደግሞ ሥራውን የማያውቅ ወጣት ሆነ። ይህን ክፍተት ካዩት አንዷ ኢኒድ ማምፎርድ ናት። ማምፎርድ ምሁር ከመሆኗ በፊት ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች፤ በሊቨርፑል ወደብና በከሰል ማዕድን ሠራተኞች መካከልም ጥናት አድርጋለች። በማንቸስተር ቢዝነስ ስኩል ሳለች «ኤቲክስ» የተባለ ዘዴ ቀረጸች። ፍሬ ነገሩ ሲስተሙን የሚጠቀሙበት ሰዎች ራሳቸው ይንደፉት የሚል ነው፤ አናሊስቱ ይረዳቸዋል እንጂ አይወስንላቸውም። ዘዴው ቅጽና ቁጥርን ብቻ አያይም፤ ሥራው ለሠራተኛዋ ክብርና እርካታ ይሰጣት እንደሆነም ይጠይቃል። በ1983 ያሳተመችው መጽሐፍ የቢሮ ጸሐፊዎች የራሳቸውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ሲስተም በመንደፍ ስለተሳተፉበት ሥራ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ጊዜ ይፈጃል ብለው ይህን መንገድ አልተከተሉትም። ጊዜ እንደሚፈጅ እሙን ነው፤ ያልተጠየቀ ሰው ፕሮግራሙ ከተገዛ በኋላ የሚፈጀው ጊዜ ግን ከዚያ ይበልጣል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው አይዲአርሲ ድጋፍ ለአፍሪካ ታስቦ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ዛሬ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ኢንፎርሜሽን ሲስተም በዲግሪ ይሰጣል። ሒሳብ ቤቶቻችን ደግሞ ፒችትሪን ከለመዱ ቆይተዋል። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ግን ጳጉሜን አያውቅም። በአንድ ወቅት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት የደመወዝ ፕሮግራም ሲገዛ የሸጠው ባለሙያ ያነጋገረው ሥራ አስኪያጁን ብቻ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ በጳጉሜ የሠሩባቸው ቀናት የሚገቡበት ቦታ ታጣ። ገንዘብ ከፋይዋ በግል ደብተሯ እየጻፈች፣ እያስፈረመች ከፈለች። ኦዲተር መጥቶ «ይህ ደብተር ምንድን ነው?» ሲላት ያለቀሰችው እሷ ናት፤ ፕሮግራሙን የሸጠው ሰው አይደለም።

ስለዚህ ነው ሁለቱ ልጆች ቢረዱ ደስ የሚለኝ። ለማኅበሩ የኮምፒዩተር ጠጋኝ አናገኝባቸውም፤ የእናቶቻቸውን ሌጀር አይተው ያደጉ ጠያቂዎች ግን ልናገኝ እንችላለን። ለደጋፊዎቻችንም በአክብሮት የማቀርበው ሐሳብ አለኝ፤ ፕሮግራሙ ከመገዛቱ በፊት የመጀመሪያው ወጪ ለሁለት ሳምንት ጥናት ይሁን። የምትመጣዋ ባለሙያ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ቁጭ ብላ ትመዝግብ።

እስከዚያው እኛ የምናዘጋጀው አለ። እያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን በጽሑፍ ያልሰፈሩትን ልማዶቹን ይጻፍ። አራስ የሆነች አባል ብድሯን ስንት ወር ታቆያለች? ዋስ የሆነች እህት ስታርፍ ማን ይተካል? ለቅሶ ያጋጠማት አባል የወሩ ቅጣት ይነሣላታል ወይ፣ የሚያነሣውስ ማን ነው? በዐቢይ ጾም መጨረሻና በረመዳን ማብቂያ ቁጠባ ቀድሞ ሲወጣ በምን ይመዘገባል? መጻፍ የምትቸገር አባል ብትኖር የቡድኗ ጸሐፊ እየሰማች ትጻፍላት። ወረቀቶቹን የምሰበስበው እኔ ነኝ፤ በወር መጨረሻው ስብሰባ ላይ ይዛችሁ ብትመጡ ይደርሳል።